መጽሐፉ ስልክ ውስጥ፣ ስልኩ ጥበቃ ጋር

ይህ የአንድ ትምህርት ቤት ጉዳይ ነው። ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ያለ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ስሙን አልጠቅስም፤ ሰዎቹንም በስም አልጠራም። ጉዳዩን በቅርብ የማውቀው በሁለት በኩል ነው። ልጄ እዚያ 9ኛ ክፍል ትማር ነበር። እኔም በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት፣ በተለምዶ ወተመህ በምንለው ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ።

በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲገባ ትምህርት ተጀመረ፤ የታተመው መጽሐፍ ግን አልደረሰም። የደረሰው ሶፍት ኮፒው ነው። ፒዲኤፉ ከቴሌግራም ቻናል ወደ ቴሌግራም ቻናል ተሰራጨ። መምህራኑም «አውርዳችሁ አንብቡ» አሉ። ሌላ ምን ይበሉ? በሌላ በኩል የትምህርት ቤቱ ደንብ ተማሪ ስልክ ይዞ እንዳይገባ ይከለክላል። በር ላይ ፍተሻ አለ። ስልክ የተገኘበት ተማሪ ስልኩን ጥበቃ ቤት ያስቀምጣል፣ ወላጅ መጥቶ ፈርሞ ይወስዳል። መጽሐፉ ያለው ስልክ ውስጥ ነው፣ ስልክ ደግሞ ክልክል ነው።

ደንቡ ያለ ምክንያት አልወጣም። ክፍል ውስጥ ቲክቶክ የሚያይ ልጅ እንኳን ራሱ ሊማር፣ አጠገቡ ያለውንም አያስተምርም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 ስለ ቴክኖሎጂና ትምህርት ባወጣው ዓለም አቀፍ ሪፖርት፣ ከአራት አገሮች አንድ የማይሞላው በሕግ ወይም በመመሪያ ስልክን ከትምህርት ቤት እንዳገደ ገልጿል። በስልክ ሐሳቡ የተበተነ ተማሪ ተመልሶ እስኪሰበሰብ እስከ 20 ደቂቃ ሊወስድበት እንደሚችልም ጠቅሷል። የእኛ ልጆች ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። ስለዚህ እገዳውን እደግፋለሁ፤ ያኔም እደግፍ ነበር። ችግሩ እገዳውና ሶፍት ኮፒው አንድ ልጅ ላይ በአንድ ጊዜ መውረዳቸው ነው።

አካባቢውን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላስረዳ። ቦሌ አራብሳ በአዲስ አበባ ምሥራቅ ዳር፣ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው ያለው። ብዙው ነዋሪ ኮንዶሚኒየም ደርሶት ከመሀል ከተማ የመጣ ነው። ቤቱ እዚህ መጣ፣ ሥራው እዚያው ቀረ። ወላጅ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ወጥቶ አውቶቡስ ይሰለፋል፣ መገናኛ ወርዶ ሌላ ይይዛል። ሲመለስ ማታ 2 ሰዓት አልፏል። ስልኩም አብሮት ውሎ አብሮት ይመጣል። ከብሎኮቹ ጀርባ ደግሞ ከድሮም እዚያው ሲያርሱ የኖሩ ቤተሰቦች አሉ። የእነሱ ልጆችም እዚሁ ክፍል ይማራሉ። ከእነዚህ ቤቶች በአንዳንዶቹ ባለ ስክሪን ስልክ ጭራሽ የለም።

ነገሩን መጀመሪያ የነቃበት የፊዚክስ መምህሩ ነው። የቤት ሥራ የሚሠራው ተማሪ ጥቂት ነበር። የሠሩትም ቢሆን ስህተታቸው አንድ ዓይነት ነው። ሃያ ልጅ አንድ ቦታ ላይ፣ በአንድ ዓይነት መንገድ ሊሳሳት አይችልም። ጠዋት ከአንድ ደብተር ላይ እየገለበጡ ነበር ማለት ነው። መምህሩ አልተቆጣም። ቁራጭ ወረቀት አደለና ስም ሳይጽፉ ሦስት ጥያቄ እንዲመልሱ አደረገ። መጽሐፉ የተጫነበት ስልክ ቤታችሁ አለ? የማን ነው? እናንተ እጅ የሚገባው ስንት ሰዓት ላይ ነው?

ወረቀቶቹን ወተመህ ስብሰባ ላይ ይዞ መጥቶ አነበበልን። ጥቂቶቹ እስካሁን አይረሱኝም። «የአባቴ ነው። ማታ 3 ሰዓት። ቻርጅ ጨርሶ ነው የሚመጣው።» «የወንድሜ ነው። ሲተኛ እወስደዋለሁ።» «የእናቴ ስልክ ባለ ቁልፍ ነው፣ አይከፍትም።» «ጎረቤት አለ። ማታ ማንኳኳት አፈርኩ።» ይህን ሲያነብ ቤቱ ጸጥ አለ።

የእኔ ልጅ ከዕድለኞቹ ናት። ስልኬ ይከፍታል፣ ዳታም አለ። ሆኖም እሷም ስትቸገር አይቻለሁ። ጥያቄው አንድ ገጽ ላይ ነው፣ ሥዕሉ ሌላ ገጽ ላይ። በሁለት ጣት ታሰፋዋለች፤ ሥዕሉ ሲገባ ጽሑፉ ይወጣል። ትምህርቱ እንግሊዝኛ ስለሆነ ያልገባትን ቃል ደብተሯ ላይ ለመጻፍ ስልኩን ታስቀምጣለች፣ ስክሪኑ ይጠፋል። መሀል ላይ ሰው ይደውልልኛል። ስልኩን ትሰጠኛለች። ስመልስላት የነበረችበትን ገጽ ከመጀመሪያው ትፈልጋለች። ይህን ሁሉ የምታደርገው ማታ 3 ሰዓት ላይ ነው፣ ደክሟት። የወረቀት መጽሐፍ ቢሆን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት እንደገባች ጀምራ ገና ሳይመሽ ትጨርስ ነበር።

ስብሰባው ረጅም ነበር። ጊዜውም የጭንቀት ነበር። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ውጤት ወጥቶ፣ በመላ አገሪቱ ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው የተሰማበት ሰሞን ነው። ሁሉም ወላጅ አንድ ነገር ይደረግ ይላል።

አንድ አባት ስልክ ይፈቀድ አሉ፤ ቢያንስ በፊዚክስና በሒሳብ ክፍለ ጊዜ። ጉልት የምትሸጥ አንዲት እናት ናት የመለሰችላቸው። «አባቴ፣ እኔ ስልክ ያልገዛሁት ጠልቼ አይደለም። ቢፈቀድ ልጄ ነገ ምን ይዞ ሊመጣ ነው? አሁን እኮ ስልክ የሌለው ሁሉም ነው፤ ያኔ ግን የሌለው እሱ ብቻ ይሆናል።» ሰውየው «እውነትሽን ነው እህቴ» ብለው ተቀመጡ። የስልኩ ጉዳይ እዚያው ተዘጋ።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ ከለጋሽ ድርጅት ታብሌት እንጠይቅ የሚል ሐሳብ አመጡ። ለዚህም ምሳሌ ጠቀሱ። በ2004 ዓ.ም. ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ለሌላቸው ልጆች ታብሌት ከነካርቶኑ ተሰጥቶ፣ ልጆቹ ያለ አስተማሪ ራሳቸው ከፍተው መጠቀም ጀምረው ነበር። በወራት ውስጥ የተቆለፈውን ካሜራ ሳይቀር እንደከፈቱት በዓለም ዙሪያ ተወርቷል። ታሪኩ እውነት ነው፣ የሚያስደስትም ነው። እኔ ግን በዚያ ታሪክ የተረጋገጠው ልጆች መሣሪያ ለመልመድ ማንንም እንደማይጠብቁ ነው ባይ ነኝ። ያንን ቤታችን ውስጥም እናየዋለን። የ9ኛ ክፍል ፊዚክስ ግን መሣሪያ መልመድ አይደለም። ከዚህም በላይ ታብሌቱ ቢገኝ እንኳ ማን ይጠግነዋል? የት ይሞላል? ማታ ቤት ይሄዳል ወይስ ይቆለፍበታል? ይህን ሲጠየቁ ምክትሉ ራሳቸው ጥያቄዎቹን በማስታወሻቸው ጻፉ።

ፎቶ ኮፒም ተነሣ። የሁሉንም ትምህርት መጽሐፍ ለእያንዳንዱ ልጅ ኮፒ ማድረግ አቅም አልነበረም። ስለዚህ መምህራኑ ለየምዕራፉ መልመጃውንና ዋና ሥዕሎቹን ብቻ በጥቂት ገጽ እንዲያሰናዱ ተወሰነ፤ የሚባዛውም በትምህርት ቤቱ ወጪ። ይህ ጠቅሟል፣ ግን ብዙ የሚነገርለት አይደለም።

ብዙ የሚነገርለት የኮምፒውተር ክፍሉ ነው። ስብሰባው ሊያልቅ ሲል የአይሲቲ መምህሯ «ላብ እኮ አለን» አለች። አዎ፣ አለ። ሁላችንም እናውቀዋለን። ክፍሉ ከአይሲቲ ክፍለ ጊዜ ውጪ ቀኑን ሙሉ ተቆልፎ ይውላል። ከኮምፒውተሮቹ የሚሠሩም የማይሠሩም አሉ። ኢንተርኔት የለም። ፒዲኤፍ ለመክፈት ግን ኢንተርኔት ምን ያደርጋል? በአንድ ፍላሽ የሁሉንም ትምህርት መጽሐፍ በሚሠሩት ላይ ሁሉ መጫን ይቻላል።

ታዲያ ለምን ተቆለፈ? ብዙ ወላጅ መልሱ ስንፍና ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። ቁልፉ ያለው ንብረት ክፍል ኃላፊው ጋር ነው። ኮምፒውተሮቹን በስሙ ፈርሞ ተረክቧል። አንድ ማውስ ቢጠፋ የሚጠየቀው እሱ ነው፤ ከደመወዙ ሊቆረጥበት ይችላል። ልጆች ተጠቀሙ አልተጠቀሙ ግን የሚጠይቀው የለም። በሩን ዘግቶ መዋል ለእሱ የሚያዋጣ ነገር ነው። ማንም ሰው በእሱ ቦታ ቢሆን ያንኑ ያደርጋል። በየትምህርት ቤቱ ከነላስቲኩ አቧራ የሚጠጣ ኮምፒውተር ሳይ ሁልጊዜ የማስበው ይህንን ነው። ዕቃው ሲሰጥ የሚቆጠረው ዕቃው ነው፤ የተሠራበት ሰዓት የሚቆጠርበት መዝገብ የለም።

ኮሚቴው ኃላፊውን ለብቻ አነጋገረ። የፈለገው ነገር ትንሽ ነበር። ኃላፊነቱ የእሱ ብቻ እንዳልሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ። ርዕሰ መምህሩ፣ የአይሲቲ መምህሯና ወተመህ የፈረምንበት የጋራ ርክክብ ተጻፈ። ከዚያ በኋላ ክፍሉ በምሳ ሰዓትና ከትምህርት በኋላ እስከ 11 ሰዓት መከፈት ጀመረ። የአይሲቲ ክበብ ልጆች በር ላይ መዝገብ ይዘው ይቆማሉ። የገባ ተማሪ ስሙን፣ የተቀመጠበትን ኮምፒውተር ቁጥርና ሰዓቱን ይጽፋል። በየማሽኑ ላይ «9ኛ ክፍል» የሚል አንድ ፎልደር ብቻ ነበር፣ በውስጡ መጻሕፍቱ።

መጀመሪያ ሰሞን ወረፋ ነበር። ማውስ ይዘው የማያውቁ ልጆች ነበሩ፤ ቀስቱን ስክሪኑ ላይ ሲያሳድዱ ሌሎቹ ይስቁባቸው ነበር። አልቆየም። ያኔ ይህ ትንሽ ነገር መስሎ ነበር። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2016 ዓ.ም.፣ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኦንላይን ሲሰጥ ግን ማውስ መልመድ ትንሽ ነገር እንዳልሆነ ሁሉም አየ።

ወደ ፊዚክሱ ልመለስ። በዚህ ጉዳይ ውስጥ እጅግ የተደሰትኩበት ክፍል እሱ ነው።

መምህሩ ራሱ የፕላዝማ ትውልድ ነው። ፕላዝማ ለማያስታውስ፦ በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ቴሌቪዥን መሰጠት ጀመረ። ትምህርቱ የተቀረጸው ደቡብ አፍሪካ ነበር፣ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ደቂቃ የሚወስደው ስክሪኑ ነው። መምህሩ መግቢያና መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ያገኛል። ማቆም አይቻልም፣ ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም። መብራት ከጠፋ የዚያን ቀን ትምህርት አመለጠ ማለት ነው። «እኛ የመጀመሪያውን መስመር ሳንጽፍ እሷ ሦስተኛው ላይ ናት» ይላል መምህሩ፣ የስክሪኗን አስተማሪ ሲያስታውስ። መልካም ጎኑንም አይክድም። ትምህርት ቤቱ ያልነበረውን የቤተ ሙከራ ዕቃ ሲሠራ ያየው በፕላዝማ ነው። ያስቸገረው ጥያቄ ሲኖረው እጁን የሚያወጣለት ሰው አለመኖሩ ነበር።

ትምህርት ቤቱ አንድ ፕሮጀክተር ነበረው። ለስብሰባና ለወላጆች በዓል ነበር የሚወጣው። መምህሩ አስፈቅዶ አራተኛውን ምዕራፍ፣ ኃይል፣ ሥራና ኢነርጂ የሚለውን፣ በእሱ ለማስተማር ተዘጋጀ። የተጠቀመበት ፌት የሚባለውን ነው። በአሜሪካ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ፣ የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው፣ በኮምፒውተር የሚንቀሳቀስ የሳይንስ ማሳያ ነው። በነጻ ይገኛል። አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። መምህሩ አንድ ቀን መሀል ከተማ ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርዶ በፍላሽ ይዞት መጣ።

ያን ቀን ፈቅደውልኝ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ግድግዳው ላይ አንድ ልጅ በስኬትቦርድ፣ ጎማ ባለው ሳንቃ ላይ ቆሞ፣ ይታያል። መንገዱ ከሁለት በኩል ወደ ላይ የተጠማዘዘ ነው። ልጁ ጫፍ ላይ ቆሟል። መምህሩ አላስጀመረውም። «ደብተር አውጡ። ሲለቀቅ ፍጥነቱ ከሁሉ የሚበልጠው የት ላይ ነው? ጻፉ። ሳትጽፉ አላስነሣውም» አለ። ክፍሉ ተንጫጫ። አንዳንዱ ከላይ ሲነሣ ነው ይላል። አንዳንዱ ታች። አንዱ ደግሞ «ወዲያ ማዶ ሲወጣ ነው፣ ተንደርድሮ ስለሚመጣ» አለ። ሁሉም ከጻፈ በኋላ ተለቀቀ። ልጁ ወረደ፣ ወጣ፣ ተመለሰ። ከጎኑ ሁለት ዘንጎች አሉ፤ አንዱ ከከፍታው የሚያገኘውን ኢነርጂ (ፖቴንሻል)፣ ሌላው ከእንቅስቃሴው የሚያገኘውን ያሳያል። አንዱ ሲያጥር ሌላው ይረዝማል። ታች ሲደርስ አቆመው። «ፖቴንሻሉ የት ሄደ?» ብሎ ጠየቀ። ሲመልሱ አንድ እርምጃ አስኬደ፣ እንደገና አቆመ። ሰሌዳው ላይ ቀመሩን በጠመኔ ጻፈ። በአማርኛ አስረዳ፣ ቃሉን በእንግሊዝኛ ደገመው።

ቀጥሎ ሰበቃን፣ ማለትም የመንገዱንና የጎማውን መፋተግ፣ ጨመረ። ልጁ ሄዶ ሄዶ ቆመ። «ኢነርጂ አይጠፋም ብያችሁ ነበር። ታዲያ ይኸው ቆመ። ዋሽቻችኋለሁ ማለት ነው?» ብሎ ዝም አለ። ረጅም ዝምታ ነበር። ከኋላ፣ ከእኔ አጠገብ የተቀመጠች ልጅ መዳፎቿን አፋተገች። ደጋግማ አፋተገችና እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ሙቀት ሆነ።» ክፍሉ በሙሉ እጁን ማፋተግ ጀመረ። ሦስተኛ ዘንግ እንዳለና ሲረዝም እንደቆየ መምህሩ ያሳያቸው ከዚያ በኋላ ነው። ልጆቹ ከስክሪኑ ቀድመው ደረሱበት።

በሚቀጥለው ሳምንት ሌላው ክፍል ላይ ሲሞክረው መብራት ሄደ። ልጁ ገና ጫፍ ላይ ሳለ። ግን ግምታቸውን ጽፈው ስለነበር ትምህርቱ አልቆመም። ሥዕሉን በጠመኔ ሣለው፣ ክርክሩ ቀጠለ።

ይህን የሰሙ ሌሎች መምህራንም ፕሮጀክተሩን መጠየቅ ጀመሩ። ሁሉም አልተሳካም። በአንድ ትምህርት የመጽሐፉ ገጾች እንዳሉ በፓወር ፖይንት ተለጥፈው ይታያሉ፣ ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው ይገለብጣሉ። ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ አንዳንዱ ተኝቷል። ሰሌዳ ላይ ቢጻፍ ይሻል ነበር። ቢያንስ በእጅ ሲጻፍ መምህሩ ከልጆቹ እጅ አይፈጥንም። መሣሪያው ያው ነው፣ ትምህርት ቤቱም ያው ነው። ልዩነቱ አንደኛው መምህር ስክሪኑን ጥያቄ ለማስነሣት ሲጠቀምበት ሌላው ለሌለ መጽሐፍ ምትክ ማድረጉ ነው።

ዓመቱ ሳያልቅ የታተሙት መጻሕፍት ከፊሉ መጡ። ለሁለት ተማሪ አንድ። ልጆቹ በራሳቸው ተራ አወጡ፤ ከሰኞ እስከ ረቡዕ አንዱ፣ ከዚያ በኋላ ሌላው ይወስዳል። አንድ ጥንድ ተማሪዎች ደግሞ አንድ ብሎክ ላይ ስለሚኖሩ አብረው ማጥናት ጀመሩ።

የቤት ሥራው ነገር የተለወጠው በዚህ ጊዜ ነው። በግልጽ ልናገር፦ ከኮምፒውተር ክፍሉም፣ ከፕሮጀክተሩም፣ ከቴሌግራሙም ይልቅ በቤት ሥራው ላይ ለውጥ ያመጣው በወረቀት የታተመው መጽሐፍ ነው። ቻርጅ አይጠይቅም፣ ሰው አይደውልበትም፣ አባት ይዞት ሥራ አይሄድም። ኮንዶሚኒየም ያለውም ከጀርባ ያለውም ልጅ እኩል ይከፍተዋል። ቴክኖሎጂን ስለምወድ ነው ይህን የምለው። ለመጽሐፍ ምትክ ሆኖ ሲገባ ለጥላቻ ይዳረጋል፤ ልጆቹም መምህራኑም የሚያስታውሱት ያልተከፈተውን ፋይል ይሆናል።

መጽሐፉ ሲመጣ ኮምፒውተር ክፍሉ ባዶ ይሆናል ብለን ሰግተን ነበር። ለማንበብ የሚገባው በእርግጥ ቀነሰ። ግን ፎልደሩ ውስጥ መምህሩ ስኬትቦርዱን ጭኖት ስለነበር ልጆቹ ራሳቸው ሊሞክሩት ይመጡ ጀመር። ልጄ አንድ ቀን ጨረቃ ላይ ቢሆን ፍጥነቱ ስንት እንደሚሆን ስትከራከር አመሸች። የስበቱን ቁጥር እየቀያየሩ ነው የሚጫወቱት።

ውጤት ተሻሻለ ወይ የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። በዓመቱ መጨረሻ የክፍሉ የፊዚክስ ውጤት ከመጀመሪያው መንፈቅ የተሻለ ነበር። ለየትኛው ልስጠው? መጽሐፉ መጣ፣ ላቡ ተከፈተ፣ ፕሮጀክተሩ ወጣ፣ ልጆቹም ትምህርት ቤቱን ለመዱት፤ ሁሉም በአንድ መንፈቅ ውስጥ። ለአንዱ ብቻ መስጠት ማጭበርበር ነው። መምህሩ ግን የራሱ መለኪያ አለው። የቤት ሥራ ሲያርም አሁን የልጆቹ ስህተት የተለያየ ነው። እያንዳንዱ የራሱን ስህተት ነው የሚሳሳተው። «አሁን ማንን ምን ላስተምር እንዳለብኝ አውቃለሁ» ይላል።

ለ2016 ወተመህ ለክፍለ ከተማው የጻፈው ጥያቄ ሦስት ነገር ይዟል። ለእያንዳንዱ ተማሪ መጽሐፍ። መብራት ሲጠፋ ለአንድ ክፍለ ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ። ኮምፒውተር ክፍሉን የሚከፍትና የሚጠብቅ አንድ ደመወዝተኛ ሰው። ታብሌት አልተጠየቀም፤ ምክትል ርዕሰ መምህሩም ተስማምተው ፈረሙ። መጽሐፉና ባትሪው ተስፋ ተሰጥቶባቸዋል። ለሦስተኛው «በጀት የለውም፣ የሥራ መደቡም አልተፈቀደም» የሚል መልስ መጥቷል። ኮሚቴው እንደገና ጽፏል፣ በዚህኛው ላይ የመዝገቡን ኮፒ አያይዞ፣ ልጆቹ የገቡበትን ሰዓት እንዲያዩት።